ባርኔጣ የማያስገባ በር

አፌ ውስጥ ሃያ ያህል ሚስማር ነበር። ሥራችንን ለማያውቅ ሰው ጉድ ይመስለዋል እንጂ የመኪና ጣሪያና ወንበር የምናለብስ ሰዎች ሁላችንም እንዲሁ ነን፤ ግራ እጅ ጨርቁን ወጥሮ ይይዛል፣ ቀኝ እጅ መዶሻውን ይይዛል፣ ሚስማሩን ታዲያ ማን ይያዘው? አፍ ነዋ! ከስንዴ ፍሬ የማይበልጡትን ሚስማሮች አንድ በአንድ በምላስ ወደ ከንፈር እየገፋን፣ ማግኔት ባለው መዶሻ ጫፍ እየተቀበልን ቸክ ቸክ ማድረግ ነው። በዚያ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ልቫሉዋ በተባለው ሰፈር ባለው በአሠሪያችን በሙሴ ሳቫርን ግቢ፣ የማዳም ሞርላን መኪና ውስጥ በጀርባዬ ተንጋልዬ ግራጫውን ሐር ጣሪያው ላይ ስመታ፣ ሙሴ ሳቫርንና ልጁ ጋስተን መጥተው በሩ አጠገብ ቆሙ። እግሬን ሰብስቤ ስለነበር አላዩኝም።

"ማዳም ደብዳቤ ልከዋል" አለ ሙሴ ሳቫርን። "ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ከባርኔጣ ሠሪያቸው ቤት በቀጥታ፣ አዲሱን ባርኔጣ እንደደፉ። 'ባርኔጣዬን አውልቄ የምገባበት መኪና ከሆነ ለሌላ ሰው ሽጡት' ይላሉ።"

"በሩ ግን... ትንሽ ጠበብ አላለም፣ አባባ?"

"አንተ አይደለህ እንዴ 'ጠበብ ሲል ቅርጹ ያምራል' ብለህ የሣልከው?"

"ብሥለውስ፣ የሠራው ሽማግሌው ኤምሊየን አይደል!"

ሙሴ ሳቫርን ጺሙን እያሻሸ እንደሆነ ሳላየውም አውቄዋለሁ። "እሱስ ልክ ነህ" አለ በመጨረሻ። "ማዳም ከተቀየሙ ጥፋቱ የኤምሊየን ነው እንላለን። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ዓይኑም ደክሟል ቢባል ማንም ያምናል። ቅዳሜ መሣሪያውን ይዞ ይሂድ።"

ኤምሊየን አባቴ ነው። ዘልዬ ወጥቼ "በሩን ያጠበበው የልጅህ እርሳስ ነው እንጂ የአባቴ መጋዝ አይደለም!" ብዬ ብጮህ እንዴት ደስ ባለኝ፤ ግን ሃያ ሚስማር በአፉ የያዘ ሰው አይጮህም። ከጮኸ ወይ ይውጣቸዋል፣ ወይ ሐሩ ላይ ይተፋቸዋል፤ የሐሩ ሜትር ደግሞ አስራ ስምንት ፍራንክ ነው። ስለዚህ አባትና ልጁን ሙልጭ አድርጌ የሰደብኳቸው በሆዴ ነው። እስኪሄዱ ድረስ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ቆየሁ። ከሄዱ በኋላ ሚስማሮቹን መዳፌ ላይ ተፋሁና የበሩን ስፋት በክር ለካሁት። ሃምሳ ስድስት ሳንቲሜትር።

አባቴ እንጨት ቤቱ ውስጥ ነበር። ፋብሪካዎቹ ለኛ የሚልኩልን ሞተር፣ ጎማና ሁለት ረጃጅም ብረት ብቻ ነው፤ ራቁቱን የመጣውን መኪና የምናለብሰው እኛ ነን፣ ከኛ ሰዎች ግማሾቹ ፈረሱ ከቀረ ወዲያም እስከ ዛሬ "ሠረገላ" ነው የሚሉት። እያንዳንዱ ሠረገላ መጀመሪያ የሚወለደው በእንጨት ቤቱ ግድግዳ ላይ ባለው ትልቅ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። አባቴ በጠመኔ በቁመቱ ልክ ይሥለዋል፤ በሩም፣ መስኮቱም፣ መቀመጫውም እዚያው ላይ ይለካል። ከሰሌዳው ጎን ደግሞ አንድ ሚስማር አለ፣ ሚስማሩ ላይ ረጅም ጥቁር የወንድ ባርኔጣ ተሰቅሏል። የሙሴ ሳቫርን አያት ባርኔጣ ነው ይላሉ። ብል የበላው፣ ጠርዙ የተላጠ፣ ለሦስት ትውልድ ከዚህ ግቢ የወጣ ሠረገላ ሁሉ የተለካበት ባርኔጣ። ሥራው ሲያልቅ አባቴ ይደፋዋል፣ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ከጣሪያው ስንት ጣት እንደተረፈው ይቆጥራል፣ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ሥራው ልክ ነው ማለት ነው፤ ማንም አይከራከርም።

"አባዬ፣ የማዳምን ባርኔጣ ለክታችኋል?" አልኩት።

በአገጩ ወደ ሚስማሩ አመለከተኝ። "ትናንት ደፍቼው ገብቻለሁ። አራት ጣት ተርፎኛል።"

"ይሄ እኮ የወንድ ባርኔጣ ነው! ይሄ ወደ ላይ ነው የሚያድገው። የሴቶቹ ዘንድሮ ወደ ጎን ነው!"

"ባርኔጣ ባርኔጣ ነው" አለ መላጊያውን እያነሳ። "ሂጂ፣ ትራስሽን ስፊ።"

አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ከማክሰኞ ጀምሮ ቃል ከአፉ በመላጊያ ነው የሚወጣው። የምንኖረው እኔና እሱ ብቻ ነን፣ አንድ ክፍልና አንዲት ወጥ ቤት፤ ጠዋት ዳቦውን ቡናው ውስጥ እየነከረ ግድግዳውን ያያል፣ እኔ እሱን አያለሁ። ወገቡን አሞት ይሆናል ብዬ ነበር። የሰማሁትን ልነግረው አሰብኩ፤ ግን ሠላሳ ዓመት ለሠራ ሰው እንዲህ ያለ ነገር በምን ቃል ይነገራል? መቀሴን ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከትቼ ከግቢው ወጣሁ።

የሄድኩት ማዳም ሲዶኒ ዘንድ ነው፤ ከምንኖርበት ክፍል በላይ አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ለትልልቆቹ ባርኔጣ ሠሪዎች ላባ የምትሰፋ ባልቴት ናት፣ በቀን ሦስት ፍራንክ ታገኛለች፣ አንዷ የሰጎን ላባ ግን አስራ አምስት ፍራንክ ታወጣለች። ክፍሏ ውስጥ መስኮት አይከፈትም፣ በነሐሴ ሙቀትም ቢሆን፤ አይሳቅም፣ አይነጠስም፣ በሩንም ቀስ አድርጎ መዝጋት ነው። ምክንያቱም ላባው ይነሳል። አልጋዋ ላይ ላባ፣ ድስቱ ላይ ላባ፣ የሞተው ባሏ ፎቶግራፍ ላይ ሳይቀር እንደ ጺም የተጠጋ ላባ አለ።

"ማዳም ሲዶኒ፣" አልኩ በሹክሹክታ "ዘንድሮ ባርኔጣው ስንት ደረሰ?"

"አትተንፍሺ!" አለችኝ መጀመሪያ። ከዚያ ክሯን በጥርሷ በጠሰችና፣ "ሰኞ ዕለት ያስረከብኩት ዘጠና ሁለት ሳንቲሜትር ነው። አረንጓዴ፣ ለአንዲት የስኳር ፋብሪካ ባለቤት ሚስት።"

"ማዳም ሞርላን?"

"እሷው። ከነሣጥኑ ለሁለት ተሸክመን ደረጃውን ስናወርደው የሦስተኛው ፎቅ ሰውዬ በሩን ከፍቶ ቆቡን አወለቀና 'ነፍስ ይማር፣ ማን ነው የሞተው?' አለን።" ሳቋ መጣባት፤ አፏን በመሐረብ አፈነች። እኔም አፌን በእጄ ያዝኩ። ሁለታችንም እንባችን እስኪወርድ ድምፅ ሳናሰማ ሳቅን፤ ላባዎቹ ግን አወቁብን፣ አንድ ሁለቱ ከጠረጴዛው ተነስተው ወደ ጣሪያው ወጡ።

ደረጃውን ስወርድ ግን ሳቄ ጠፋ። ዘጠና ሁለት ሲቀነስ ሃምሳ ስድስት፣ ሠላሳ ስድስት ይቀራል። በአባቴና በሥራ ጠረጴዛው መካከል የቆመው ይኸው ሠላሳ ስድስት ሳንቲሜትር ነው። በሩን ማስፋት አይቻልም፤ ቀለሙ አስራ ሰባት ጊዜ ተቀብቶ፣ ቫርኒሹ ደርቆ አልቋል። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰዎቹ በዓይናቸው እንዲያዩት ማድረግ። በቃል ብነግራቸው "ትራስሽን ስፊ" ይሉኛል፤ በዓይኑ ያየ ግን ምን ይላል?

ግቢው እንደደረስኩ ሥራ ቤቴን ዘግቼ ባርኔጣ መሥራት ጀመርኩ። የወንበር ሞላ የሚሠራበትን ሽቦ አጥፌ ዘጠና ሁለት ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ቀለበት አደረግሁት፣ በላዩ የጆንያ ጨርቅ ወጠርኩ፣ መሐሉን በፈረስ ፀጉር ሞልቼ እንደ ድፎ ዳቦ አሳበጥኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ አንድ ሣጥን ሚስማር ወለሉ ላይ ዘርግፌ በጉልበቴ እየዳህኩ ለቀምኩ። ሲያልቅ አየሁት፤ የሆነ ነገር ጎደለው። ላባ! ላባ የሌለው የማዳም ባርኔጣ የት ይገኛል? ግቢው ውስጥ ላባ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ቀለም ቀቢው ሙሴ አልሲድ። የአቧራ ጠላት ነው፤ ቫርኒሽ በሚቀባበት ቀን ወለሉን ውኃ ያርከፈክፋል፣ ማንም ሰው በበሩ በኩል እንዲያልፍ አይፈቅድም፣ ሙሴ ሳቫርንን ራሱን አንድ ጊዜ "ሳል ከያዘዎ ውጭ ይሳሉ!" ብሎ አባርሮታል። የአውራ ዶሮ ላባ መጥረጊያው የዓይኑ ብሌን ነው። በሩ ኋላ ተሰቅሎ አገኘሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ ብዬ ሰረቅኩት፣ ባርኔጣዬ አናት ላይ ከነእንጨቱ ሰካሁት።

ስድስት ሰዓት ሲደወል ሙሴ ሳቫርንና ጋስተን ለምሳ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሠራተኞቹ እንደ ልማዳቸው ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ዳቦና ቋሊማቸውን አወጡ፣ ወይን ጠጁ ከእጅ እጅ ዞረ። በዚህ መሐል እኔ ያንን ነገር ደፍቼ፣ ቀሚሴን በሁለት ጣት ያዝ አድርጌ፣ እንደ ትልቅ ሴት እየተንሸራተትኩ ብቅ አልኩ።

አቤት ሳቅ! አንጥረኛው ባስቲየን፣ ያ ተራራ የሚያህል፣ ከኦቬርኝ ገጠር የመጣ ሰው፣ የጎረሰውን ዳቦ ወደ አፍንጫው አስገብቶ ሊሞት ነበር። "ማዳም! ማዳም! ዶሮዎቹን ወዴት እየወሰዷቸው ነው?" ይላል አንዱ። "ዝናብ ሲመጣ እኛንም አስጠጊን!" ይላል ሌላው። እኔ ደግሞ አገጬን ቀና አድርጌ "ዞር በሉ፣ ድሆች!" አልኳቸውና በቀጥታ ወደ ማዳም ሞርላን መኪና ሄድኩ፣ መርገጫው ላይ ወጣሁ፣ ልገባ አልኩ። ሽቦው ግራና ቀኝ የበሩን ምሰሶዎች ያዘ። ገፋሁ፤ አልገባም። ጎንበስ ልበል ብል ወገቤን የጠፈረው ኮርሴት አላስጎነብስ አለኝ። ወደ ጎን ዞርኩ፤ ክብ ነገር ወዴት ቢዞር ያው ክብ ነው።

ሳቁ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ።

"የማዳም ባርኔጣ በዚህ ልክ ነው" አልኩ ዘወር ብዬ። "ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደፍተውት ይመጣሉ። ካልገቡ መኪናውን አይወስዱም።" ሌላውን አልተናገርኩም። አባቴ ከሁሉም ኋላ በርሜል ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ቢላዋው ፎርማጆው ውስጥ እንደተሰካ ቀረ።

"እስቲ ለኔ ስጪኝ" አለ ባስቲየን። "አንቺ ጉልበት የለሽም።" ደፋው። ያ ጺም፣ ያ የቆዳ ሽርጥ፣ በላዩ የዶሮ ላባ! ሳቁ እንደገና ፈነዳ። ሊገባ ሲል ተቀረቀረ፤ ግንባሩ ውስጥ፣ መቀመጫው ውጭ። በዚህ መሐል ከላይ ከቀለም ቤቱ መስኮት የሙሴ አልሲድ ጩኸት መጣ፦ "ላባዬ! የኔ ላባ ነው! ሌባ!" ደረጃውን በአንድ እስትንፋስ ወርዶ ረጅሙን ብሩሹን እየወዘወዘ መጣ። ባስቲየን፣ ፈረስ በአንድ እጁ የሚያቆም ሰው፣ ሙሴ አልሲድን ግን እንደ ልጅ ይፈራዋል። ፊቱን ወደ እሱ እንዳደረገ ወደ ኋላው አፈገፈገ፣ መርገጫው ተረከዙን መታው፣ ዘጭ ብሎ በጀርባው በኩል በሩ ውስጥ ተቀመጠ፣ ብሩሹ እንዳይመታው አንገቱን ወደ ትከሻው ዘንበል አደረገ። ባርኔጣውም አብሮት ዘንበል አለ፣ ሳንቲም በሣጥን ቀዳዳ እንደሚገባ ስርግ ብሎ ገባ።

ሙሴ አልሲድ ራሱ ብሩሹን እንዳነሳ ቀረ።

"ባስቲየን" አልኩ፣ "እባክህ ውጣና ድገመው።"

"ጫማ!" አለ ሙሴ አልሲድ፣ ነፍሱ መለስ ስትልለት። "ቫርኒሼ ላይ በዚያ ጫማ የወጣ ሰው በእጄ ይሞታል። ሁላችሁም አውልቁ!"

በካልሲ አስር ጊዜ ያህል ደጋገምነው። ባስቲየን ገባ፣ እኔ ገባሁ፣ ሙሴ አልሲድም "ቫርኒሹን እንዳትነኩ ለማሳየት ነው" ብሎ ደፍቶ ገባ፣ ደስ እንዳለው ግን አይቻለሁ። ዘዴው ይኸው ነው፤ ጀርባን ሰጥቶ መቀመጥ፣ ውጭ ለቀሩት ሰዎች እንደሚሰናበት ሰው አንገትን ወደ አንድ ጎን ዘንበል ማድረግ፣ ከዚያ እግርን ሰብስቦ መዞር። አንድ ችግር ግን ነበር። ባስቲየን የተቀመጠው ወለሉ ላይ ነው፤ የትልቅ ሰው ሚስት ደግሞ ወለል ላይ አትቀመጥም። ውስጥ ትንሽ ታጣፊ ወንበር አለች፣ ግን ከበሩ አንድ ስንዝር ራቅ ብላለች፤ ጀርባዋን ሰጥታ የምትገባ ሴት አታገኛትም። ሁላችንም ወንበሯን አየናት፣ ከዚያ ሁላችንም አባቴን አየነው። የእንጨት ሥራ የሱ ነው፤ ከሱ በቀር ማንም አይነካውም።

አባቴ ቢላዋውን በሱሪው ጠርጎ አጠፈ። ተነሳ። ከኔ አጠገብ ሲደርስ ቆም አለና ባርኔጣውን በጣቱ ከዳር እስከ ዳር ነካው፣ እንጨት ሲያዝ እንደሚያደርገው። "መፍቻ አምጪልኝ" አለ።

ሮጥኩ። ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ያለውን የመሣሪያ ሣጥኑን ከፈትኩ። ውስጡ ያሉት መላጊያዎች፣ መሮዎች፣ ትንንሾቹ መጋዞች ሁሉ አንድ በአንድ በጋዜጣ ተጠቅልለው በክር ታስረዋል። ለመንገድ እንደተዘጋጀ ዕቃ። የመፍቻውን ጥቅል ፈትቼ አወጣሁት፣ ዞር ስል አባቴ ኋላዬ ቆሟል።

"ታውቅ ነበር?" አልኩት።

"ሙሴ ሳቫርን ማክሰኞ ዕለት 'ዕድሜህ ስንት ደረሰ?' አለኝ" አለ አባቴ። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠይቆኝ አያውቅም።" መፍቻውን ተቀበለኝና ሄደ። እሱ ከማክሰኞ ጀምሮ፣ እኔ ከጠዋት ጀምሮ አንዳችን ከሌላው የደበቅነው ያው አንድ ነገር ነበር።

መኪናው ውስጥ በጉልበቱ ተንበርክኮ አራቱን ብሎን ፈታ፣ ወንበሯን አንድ ስንዝር ወደ በሩ አስጠጋ፣ መልሶ አሰረ። እጁ አልቸኮለም። ሲጨርስ ተነስቶ የወንበሯን ጨርቅ አየና "ጠርዙ ተነቅሏል፤ ያንቺ ሥራ ነው" አለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ነበር የቀረው፤ ሙሴ ሳቫርንና ጋስተንም ገና ከምሳ አልተመለሱም። ሃያ ሚስማር አፌ ውስጥ ጨምሬ ገባሁ።

ማዳም ሞርላን የመጡት ክፍት በሆነ የፈረስ ሠረገላ ነው፣ መቼም ያ ባርኔጣ በተዘጋው ሊገባ አይችልም። ድሮ ገበያ ላይ ዓሣ ይሸጡ ነበር ይባላል፤ ሰውነታቸው ሙሉ፣ ድምፃቸው ከመንገዱ ማዶ የሚሰማ። አረንጓዴው ባርኔጣ ከሠረገላው ሲወርድ ሰው መውረዱን ያየሁት በኋላ ነው። ሙሴ ሳቫርን እጃቸውን ሊስም ጎንበስ ቢል የባርኔጣው ጠርዝ ግንባሩን መታው። ማዳም መኪናውን ዞር ዞር ብለው አዩ፣ ሰማያዊውን ቀለም አዩ፣ "የሚላስ ነው!" አሉ። ከዚያ በሩ ፊት ቆሙ። በሩን አዩት። ሙሴ ሳቫርንን አዩት።

"ሙሴ፣ የምገባው እኔ ነኝ ወይስ ጣቴ?"

ሙሴ ሳቫርን ፊቱ አመድ መሰለ። "ማዳም፣ አንድ... አንድ ሽማግሌ አናጢ አለን፣ ዓይኑ..." ማለት ሲጀምር እኔ ከመኪናው ውስጥ ወጣሁ። መናገር አልቻልኩም፤ ገና ስምንት ሚስማር አፌ ውስጥ ነበር። ለማዳም እጅ ነሳሁ፣ ግድግዳው ሥር ያስቀመጥኩትን የጆንያ ባርኔጣዬን አንስቼ ደፋሁ፣ ጀርባዬን ለመኪናው ሰጠሁ፣ ተቀመጥኩ፣ አንገቴን ዘንበል አደረግሁ፣ እግሬን ሰበሰብኩ። ውስጥ ነኝ። በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ አየሁ። ማዳም አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል።

"ውጪ! ውጪ ልጄ፣ ተራው የኔ ነው!" አሉ።

ጀርባቸውን ሰጡ፣ ታጣፊዋ ወንበር ጠበቀቻቸው፣ ተቀመጡ። አንገታቸውን ወደ ትከሻቸው ዘንበል አደረጉ። አረንጓዴው ባርኔጣ ከነሰጎን ላባው ቀስ ብሎ፣ ምሰሶውን ሳይነካ ገባ። እንዴት እንደሚያምር ልንገራችሁ? ቤተ መንግሥት ያደገች ሴት ሕዝቡን የምትሰናበት ነበር የሚመስለው። ግቢው ውስጥ የቆሙት ሠራተኞች፣ ባስቲየንን ጨምሮ፣ ሳያስቡት ሁሉም ቆባቸውን አወለቁ። ማዳም ይህን ሲያዩ ሳቃቸውን ለቀቁት፣ ያ የገበያ ሳቅ መስኮቶቹን አንቀጠቀጣቸው። ወጡ፣ እንደገና ገቡ። ወጡ፣ እንደገና ገቡ። በየጊዜው ቆቡ ይወልቃል፣ በየጊዜው ይስቃሉ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

"በሕይወቴ ከአንድ ነገር ውስጥ እንዲህ አምሮብኝ ገብቼ አላውቅም!" አሉ። "እህቴ ስታየኝ በቅናት ነው የምትሞተው። ለሷም ሥሩላት፣ ሰማያዊ ሳይሆን ቀይ። ይህንን ያሰበ ማነው?"

ሙሴ ሳቫርን ደረቱን ነፋ። ጋስተንን በክርኑ ገፋ አደረገው። "ማዳም፣ ልጄ ጋስተን..."

እኔ ስምንቱን ሚስማር አፌ ውስጥ ይዤ ዓይኔ ፈጠጠ። ልትፋቸው ነው፣ ማዳም እግር ሥር ልትፋቸው! ግን ከኋላዬ አንድ ድምፅ መጣ፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ቃል ሲቆጥብ የከረመ ድምፅ።

"በሩን የሣሉት ሙሴ ጋስተን ናቸው፣ ማዳም" አለ አባቴ ቆቡን በእጁ ይዞ። "የሠራሁት እኔ ነኝ። ጠዋት 'አባዬ፣ አይገባም' ያለችኝ ልጄ ናት፣ እኔ አልሰማኋትም። ማስገቢያውን ያገኘችው እሷ ናት። ዜሊ ትባላለች። አሁን አፏ ሥራ ይዟል እንጂ ራሷ በነገረችዎ ነበር።"

ማዳም አዩኝ። እኔም ከንፈሬን ገለጥ አድርጌ የሚስማሮቹን ጫፍ አሳየኋቸው። "ወይ ጉድ!" አሉና መኪናውን ይዘው እስኪወድቁ ድረስ ሳቁ። ጋስተን ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀላ፤ ግን ክፉ ልጅ አይደለም፣ "እውነት ነው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሙሴ ሳቫርን ደግሞ ሁለት መኪና ሸጦ የሚቆጣ ሰው አይደለም፤ የአባቴን እጅ ይዞ ሲያወዛውዘው ያየ ሰው ገና ዛሬ የቀጠረው ይመስለው ነበር። ማዳም ሲሄዱ ለግቢው ሁሉ ወይን ጠጅ እንዲመጣ አዘዙ።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ወይኑ ሊያልቅ ሲል፣ ሙሴ አልሲድ መጥረጊያውን ፈልጎ መጣ። ላባው ከባርኔጣው አናት ላይ እንደተሰካ አየው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ "ይቅር፣ ሌላ እገዛለሁ" አለና ሄደ፤ ያን ያህል ነበር የጠጣው። እኔ ወደ እንጨት ቤቱ ገባሁ። አባቴ መሣሪያዎቹን ከጋዜጣው እየፈታ አንድ በአንድ ቦታቸው ላይ ይሰቅል ነበር። ጋዜጦቹን በጥንቃቄ አጣጥፎ ለእሳት ማያያዣ አስቀመጣቸው። ከዚያ የጆንያ ባርኔጣዬን ከእጄ ተቀበለኝ፣ ከአሮጌው ጥቁር ባርኔጣ ጎን አዲስ ሚስማር መታ፣ ሰቀለው። ራቅ ብሎ አየው። ሰሌዳውን በእጅጌው ጠረገው፣ የማዳም ሞርላን መኪና ነጭ አቧራ ሆኖ ወለሉ ላይ ወረደ። ጠመኔውን አነሳ። የእህትየው ቀይ ሠረገላ ሊጀመር ነው።

የመጀመሪያውን መስመር ከላይ ወደ ታች ሣለ። ሁለተኛውን ሊሥል ሲል ጠመኔው አየር ላይ ቆመ።

"ዜሊ፣" አለኝ ዘወር ሳይል "በሩን ስንት ላድርገው?"

የምመልሰው ብዙ ነበር፣ ጠዋት ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ ገና ሆዴ ውስጥ ነበር፤ አፌም ባዶ ነው፣ አንድም ሚስማር የለበትም። ግን ቀና ብዬ የተሰቀለውን የጆንያ ባርኔጣዬን አየሁት።

"ሰባ አምስት" አልኩት። "የቀረውን አንገታቸው ይቻለው።"

ሰባ አምስት ብሎ ጻፈ።